ሦስት ሰከንድ

ጳጉሜ ሦስት፣ ማታ፣
የሩፋኤል ዝናብ አባርቶ፣ ቆርቆሮው ሲያንጠባጥብ በተርታ፣
ከሐዋሳ መናኸሪያ ጀርባ፣
ፊልም በፍላሽ ከምጭንባት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ከማይገባ
ጠባብ ሱቄ ውስጥ ስድስት ሆነን ገባን፤
እንደ አምናው የዓመቱን ፊልሞች ከአንድ እስከ አምስት ልንደረድር አሰብን።

ለምን አምስት? ጳጉሜም አምስት ናት፤
ለእያንዳንዷ ቀን አንድ ፊልም፣ ይኸው ነው ሥርዓት።
ስድስት በሆነች ዓመት ግን
ስድስተኛዋን ለመጥፎ ፊልም እንሰጣለን፣ ለመሳቅ ብለን።

ዳንጊሶ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ
"ያላስለቀሰኝ አይቆጠርም" ብሎ ጀመረ።
የሱ ሚዛን እንባ ነው፤ ዘንድሮ አራት ጊዜ አልቅሷል፣
በአንዱ ላይ ግን ሙግት ተነሥቷል፤
(በምሳ ሰዓት ነበር ያየው፣ ዳጣ ከበዛበት ዓሣ ጋር።)

ዱካሞ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ከመቶ ይሰጣል፣
ለድምፁ ሃያ፣ ለብርሃኑ ሃያ፣ በቀይ ያሰምራል።
ሰማንያ ሁለት ተኩል ያመጣውን ግን አይወደውም፤
"ታዲያ?" ስንለው፣ "ውጤትና ፍቅር አንድ አይደለም።"

ዘርትሁን ነርስ ናት፣ ሌሊት አዳሪ፤ ፊልም ጨርሳ አታውቅም፣
ከመሐል እንቅልፍ ይጥላታል። ቢሆንም፣
መጨረሻውን ራሷ ፈጥራ ትነግረናለች፣ አምና፣
አንዳንዴ ከደራሲው እሷ ትሻላለችና።

ለሌዳሞ፣ ለትንሹ፣
አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ቡጢ ካልወደቀ ፊልም አይባልም።

ጩኸቱ በረታ። በርጩማ ወደቀ።
ጎረቤት ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ዘለቀ፣
የራሱን አንደኛ ጠርቶ ተመለሰ።
ደንበኛው በግማሽ ራስ ይጠብቃል።

ሺታዬ ብቻ ዝም።
ከአሞራ ገደል ነው የመጣችው፤ ክንዷ ላይ የዓሣ ቅርፊት
እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራል።

ኅዳር ላይ ካሜራ ይዘው መጥተው ነበር፤
ሐይቁን ቀረጹ፣ ጀልባውን፣ አባ ኮዳውን፣
"አንቺም ዓሣሽን እየበለትሽ ቁጭ በይ" አሏት።
ዋለች፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በተዋሰችው ሻሽ።
ፊልሙ ግንቦት ወጣ፤ እዚሁ ሱቄ ውስጥ አየነው።
አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ።
የሺታዬ፣ ሦስት ሰከንድ።
ፊት የለ፣ ሻሽ የለ፤
ቢላዋ፣ የዓሣ ሆድ፣ አውራ ጣት፤
ከዚያ ቀይ ቀሚስ የለበሰችው ተዋናይ እየሮጠች መጣች።

እና ዛሬ ዳንጊሶ ጉሮሮውን ጠርጎ
"አንደኛ የኛው ይሁን፣ የሐዋሳው" አለ፣ ዓይኑን ከሷ ሸሽጎ።
ዱካሞ ሃምሳ አንዱን ሰርዞ ዘጠና አደረገ፤
ሌዳሞ፣ አንድ ቡጢ እንኳ በሌለበት፣ እጁን አወጣ።
"ነቅቼ የጨረስኩት እሱን ብቻ ነው" አለች ዘርትሁን።
ውሸቷን ነው፤ ስታንኮራፋ ሰምቻለሁ።

ሺታዬ ቀና አለች።
"ተዉ። ፊልሙ መጥፎ ነው።
ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ለምን እንደሆነ ደራሲውም አያውቅ።
አጥማጁ ከጀልባ ሲወርድ ጫማው አይረጥብም።
ፀሐይ ደግሞ ከሐይቁ ትወጣለች፤
በየት አገር? እኛ ጋ እዚያ ነው የምትጠልቀው።
እጄ ጥሩ ነው። አላፈርኩበትም።
ግን እኔ ዓሣ ስመዝን ሚዛኑን በአውራ ጣቴ አልጫንም፤
እናንተም አትጫኑልኝ።"

ቆርቆሮው ጠብ፣ ጠብ።
ዱካሞ ዘጠናውን ሰርዞ ሃምሳ አንዱን መለሰ።
አምስተኛም አልገባ።
አንደኛ የወጣው ስለ አንዲት መስማት የተሳናት ልብስ ሰፊ ነው፣ በአራት ለሁለት፤
ዳንጊሶ እስካሁን ይግባኝ ይላል።

ሁሉም ሲወጡ ኮምፒውተሩን ላጠፋ ብዬ
አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ አመጣሁት፣ አቆምኩት።
ቢላዋ። አውራ ጣት።

"ያን ቀን ቢላዋው ደንዞ ነበር" አለኝ ድምፅ ከበሩ።
ጃንጥላዋን ረስታ ነው የተመለሰችው።
አነሣችው፤ አልሄደችም።
"እስቲ ልቀቀው።"