ስኮርታ

በባዶ መኪናማ ሐረጎን ሁሉም ይወጣል፤
ቁልቁለት ሲያገኝማ አሮጌ ሞተርም ያፏጫል።
ኮምቦልቻ ላይ ስልሳ ኩንታል ሲሚንቶ ጫንበትና
ሦስተኛዋን ኩርባ ዙር፤ ያኔ ይወጣል ገመና።

ደሴ፥ ማክሰኞ ጧት። ጦሳ ጉሙን አልገፈፈም፤
ከትናንት ማታ ወዲህ እህል ባፌ አላለፈም።
ደም ቀዱ፤ ሽንቴን ለኩ፤ "ጠጣ" አሉኝ ውሃ በሊትር፥
በጆግ የገባው በጆግ ሲወጣ፥ ሁሉም በቁጥር።

ሉባባ ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ ላይ ተኝታለች፤
ለቀኑ የተፈቀደላትን ውሃ በስኒ ትለካለች፤
ቧንቧ ውሃ ተወልዳ፥ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደገች!
"የኔንም ድርሻ ጠጣልኝ"፥ ይችን ብቻ ነው ያለች።

ዶክተሩ ልጅ እግር ነው። ወረቀቱን አየና፥
"ሁለቱም ደህና ናቸው፥ በዕረፍት ላይ" አለና፥
"አንዱን ስንወስድ ግን የቀረው የሁለት ሥራ ሊሠራ ነው፤
ሲጨንቀው የሚጨምረው ጉልበት አለው ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።"
"ስኮርታ አለው ወይ ነው ያልከኝ?"
"ስኮርታ አለው ወይ ነው።"

ሥጋ አመጡልኝ፤ የተቀቀለ፥ ጨው አልባ፥ በሚዛን የተለካ፤
በሬ መሆኑን የሚያውቀው የመዘነው ብቻ ነው ለካ።
ከኢድ ወዲህ ቤቴ ሥጋ አልገባም። ልጆቼ ትዝ አሉኝ፤
አንዷን ቁራጭ በመሐረብ ልቋጥር ስል "ተው!" አሉኝ።
"የተጋበዘው ኩላሊትህ ነው፥ አንተ አይደለህም" አለች ሲስተር ጥሩዓለም፤
ሳቅሁ። በላሁት። ጥርሴ እንጂ ምላሴ አልሰማውም።

ከዚያ መጠበቅ።
በየግማሽ ሰዓቱ ጆግ፥ በየሰዓቱ መርፌ።
ዓይኔን ጨፍኜ አደመጥሁት፥ እንደ ሞተር፥ ከወገቤ፥ ከጎድኔ፤
"ማርሽ ቀይር! ጨምር! ኩርባው ደረሰ!" እያልሁ በልቤ፥
ቀኝ እግሬ ሳላዘው
የአልጋውን ብረት ሲረግጥ ነዳጅ ነው ብሎ፥ አገኘሁት።

ሐሙስ ጠራኝ። በሩን ዘጋው። በር ሲዘጋ ያስታውቃል።
"ሙሄ፥ ከሥጋው በፊትም በኋላም ቁጥሩ አንድ ሆኗል።
አልጨመረም። ያለህን ሁሉ ነው በየቀኑ የምታነደው፤
ለራስህ ይበቃሃል። አንዱን ግን አልነካው፥ አልደፍረው።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፥ ጭነት ከልክ በላይ፥ እንቅልፍ ከልክ በታች፥
በባቲ፥ በሚሌ፥ እስከ ጋላፊ፥ ውሃ ጥሜን ቋጥሬ በየኬላዎች።
"በዚህ ይሆን ወይ?" አልሁት።
"እንጃ" አለኝ።
ሐኪም ሆኖ እንጃ ማለቱን ወደድሁለት።

ለሉባባ ምን ልበላት? ከበሩ እስካልጋዋ አሥር እርምጃ፥
አሥሩም ዳገት።
"አብሽር" አለችኝ፤ እኔ ልላት የነበረውን ቀደመችኝ፤
"ወትሮስ መች ስኮርታ ይዘህ ታውቃለህ?" ብላ ሳቀችብኝ።
ሳቋ እኩሌታው ላይ ቀረ። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤
እጄን ግን አለቀቀች።

ሰኞ ዘርፌ መጣች።
የአባታችን ልጅ፥ ክርስቲያኗ፥ በአንድ ጥማድ መሬት የተኳረፍናት፤
ስድስት ዓመት ሙሉ በገበያ መሐል ዓይኔን የሰበርሁባት።
ማን እንደነገራት አልጠየቅሁም። ነጠላዋን አጣፍታ ገባች፤
"የዚህን የደካማ ወንድሜን ፈተና ለኔም ስጡኝ" አለች።
ሁዳዴ ነበር። ሳህኑን አዩት ሁለቱም፥ እሷም ሲስተሯም፤
"ከንስሐ አባቴ ጋር እኔ እጨርሳለሁ" አለች፤ ሌላ አልተናገረችም።
ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች።

በሩ ተዘጋ።
እኔ ውጭ ነኝ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ፥ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፤
ከውስጥ የጆግ ድምፅ፥ የብዕር ድምፅ፥ ዝምታ።
ቀኝ እግሬ የኮሪደሩን ሲሚንቶ
ይረግጣል፥ ይረግጣል፤
ነዳጅ ይሰጣል።