ቀጭ

ከሞያሌ መልስ፣ ከጋቢናው ወርዶ፣
የእህቴ ባል ሰጠኝ፣ በመዳፉ ጋርዶ።
ጥቁር ነው እጀታው፣ ወገቡ ላይ ቀጭን፣
በአውራ ጣት ብትገፋት ያችን ትንሽ ክንፉን፣
ግማሹን አንተ ነህ፣ ግማሹን ስፕሪንጉ፣
ቀጭ!
ስለቱ ቆመልህ፣ ከነሙሉ ወጉ።

ሰንጢ ነው ስሙ፤ ስሙ ራሱ ወንጀል አለበት፣
እናቴ ሰምታ "ከቤቴ አውጣ" አለች፣ "የኪስ አውላቂ ንብረት!"

እኔ ግን ዓሣ አጥማጅ ነኝ፣ ከአሞራ ገደል፣
አንድ እጄ ሁልጊዜ መረብ ላይ ነው የሚውል፣
ሌላው ነው የሚፈታ፣ የሚቆርጥ፣ የሚጥል።
የአባቴ ካራ አለ፣ እጀታው የቀንድ፣
በጥፍርና በሁለት እጅ የሚከፈት፣ በግድ።
ጥፍር ደግሞ የለኝም፤ ሀይቁ በልቶታል፣
ውሃ የለመደ ጣት እንደ ሳሙና ያልቃል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣
ነፋስ ገለበጠው የሀይቁን ገላ።
ዱካሞ መረቡን ከጫፍ ሆኖ ሲስብ፣
ገመዱ እግሩ ላይ ተጠመጠመ፣ እንደ እባብ።
ወደ ታች ሲጎትተው፣ ጀልባው ሊገለበጥ ሲዞር፣
ይዤ ቀበቶውን በግራ እጄ ስጥር፣
ቀኜ ወደ ኪሴ።
ቀጭ።
ገመዱ ተበጠሰ። ዱካሞ ሀይቁን ተፋ። አስነጠሰ። ሣቀ።
ማልቀስ የጀመረው ዳር ከደረስን ነው፣ ዓሣው ተሸጦ ካለቀ።
በአባቴ ካራ ቢሆን፣ በጥርሴ ስከፍተው፣
ዱካሞን ጉማሬ ነበር የሚያጫውተው።

እስከዚህ ምስጋና ነው፤ ከዚህ ወዲያ ክስ፦
ቅርፊት ይገባበታል፣ አሸዋም ሲነፍስ፣
ማታ በናፍጣና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እስካጥበው ድረስ።
ስፕሪንጉ ከሰነፈ ሰንጢ አይደል፣ ካራም አይደል፣
ግማሽ ላይ ይቆማል፣ እንደ ሰካራም፣ ወዲህ ወዲያ ሲል።
ሳይጠሩትም ይመጣል፤ ባጃጅ ውስጥ ተጣብቤ ከፒያሳ ስመጣ፣
ጉልበቴን ባጥፍ፣ ኪሴ ውስጥ ቀጭ አለ፣ ሱሪዬን ቀድዶ ወጣ።
ሰባት ስፌት፣ ጭኔ ላይ። ነርሷ "ማን ወጋህ?" ስትል
"ራሴ" አልኳት። አላመነችም፤ ቅጹ ላይ ጻፈች፦ "ጠብ ሊሆን ይችላል።"

ይህም ይሁን። አንድ ማታ ግን፣ ሒሳብ ስንጨርስ፣
ከነጋዴው ከላቀው ጋር፣ በሁለት ኪሎ ቆሮሶ ነገር ሲታመስ፣
"ሌባ" አለኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ምንም አላሰብኩም፣
አውጣው አላልኩም፣ ክፈተውም አላልኩም፣
ቀጭ።
አባ ኮዳው እንኳ ከአንጀት ክምሩ ላይ ቀና አለ።
ብርቄ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች፤ ማንም ምንም አላለ።
ስለቱ ላይ አንዲት አምፖል ታየችኝ፣ ከነፊቴ፣ ከነዓይኔ፤
የተናገረው እሱ ነው፤ እጀታው ነበርኩ እኔ።

ለመክፈት አንድ ጣት ይበቃል። ለመዝጋት ግን ሁለት እጅ፤
ላቀው እያየኝ፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ስታገል ቆየሁ፣ እንደ ልጅ።

የአባቴን ካራ ሁለት እጆች፣ መጀመሪያ መስማማት አለባቸው፣
እስኪስማሙ ደግሞ ያልፋል፣ ያናደዳቸው።
አባቴ በሰው ላይ ካራ መዝዞ አያውቅም ሲሉኝ፣ ደግነቱ ይመስለኝ ነበር፣
አሁን ሳስታውሰው፣ የእሱም ጥፍር አጭር ነበር።

ሰንጢው ጀልባው ውስጥ ነው፣ ከመቅዘፊያው ሥር፣ በክር ታስሮ፣
ወደ ምድር አይወርድም፣ ከእኔ ጋር አብሮ።
ካራውን ኪሴ አድርጌ፣ ሲመሽ ከገደሉ ስወጣ፣
ብርቄ ሰላም ትለኛለች፤ መጀመሪያ ግን እጄን ታያለች፣
ከኪሴ ምን ይዞ እንደመጣ።