የሙኻትቄ ጋን

ከካውካሰስ ተራራ ግርጌ፣ ሙኻትቄ በደጉ ቀን
ሁለት መቶ ጭስ ነበራት፣ ሁለት ቋንቋ ለአንድ ወገን፤
ባንደኛው ይገበያያሉ፣ በሌላው ይሳደባሉ፣
ሰርግ የሆነ ለት ሁለቱንም በቀንድ ዋንጫ ይጠጣሉ።
ማቅቫላ በጣቷ ስትቆጥር፣ ስምንት ትውልድ ነው ይህ ሰፈር፤
ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እንቅልፍ ይዟት ይሄድ ነበር።

ከባሉጡ ስር ድንጋይ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣
ሰባት ጭረት የተጫረበት፣ ጫሪው ሳይታወቅ ኖሮ።
ከወዲያኛው መዲና ምሁር መጣ፣ ወረቀት ለጥፎ በከሰል አሸው፣
«የአያቶቻችን ፊደል ነው» ብሎ፣ እያለቀሰ ድንጋዩን ሳመው።
ከወዲህኛውም ሌላው መጣ፣ በዓመቱ፣ በረዶ ሲጥልበት፣
«የነገሥታቶቻችን ስም» አለና ሦስት መቶ ገጽ ጻፈበት።
ኤልጉጃ ግን፣ የጋን ሠሪው ልጅ፣ ለሁለቱም ውሃ ሰጥቶ፣
«አባቴ ማጭድ ይስልበት ነበር» አለ፣ ጢሙን በጣቱ አፍታቶ።
ይህንን ማንም አልመዘገበም።
ማጭድ ታሪክ አይሆንም።

እኔ ፖስታ አዳይ ነበርኩ፤ የማውቀው ታሪክ በር በር ነው፦
የዛይራ መዝጊያ ሰማያዊ፣ ውሻዋ ደግሞ ተናካሽ ነው፤
የቶትራዝ ደረጃ፣ ሦስተኛዋ፣ ከመሐል ተሰብራለች፣
ከጦርነቱ በፊት ነው እሱ፤ እስከ ዛሬ አልተጠገነች።
ደብዳቤ ጻፊዎቹ ሞቱ፣ ተቀባዮቹ ተሰደዱ፤
አሥራ አንድ ፖስታ በእጄ ቀረ፤ የሚገቡባቸው ቤቶች ነደዱ።

ሽቦው የመጣው በሌሊት ነው።

ድንበር ገፊን እኛም እናውቃለን፦ በማረሻ፣ ክንድ በክንድ፣
ተራግሞ፣ ተካሶ፣ ታርቆ፣ ሲመሽ የሚቀመጥ ባንድ።
ይሄኛው ጭምብል አጥልቆ መጣ፣ በካሚዮን ሽቦ ጭኖ፤
ስንነቃ ቤታችን እዚህ ነው፣ ወይናችን ባዕድ አገር ሆኖ።
አረንጓዴ ሰሌዳ ተከሉ፣ በሦስት ቋንቋ ተጽፎበት፤
ሦስቱም «ክልክል ነው» ይላሉ፤ አንዱ የፊደል ስህተት አለበት።

የኤልጉጃ ጋን ከማዶ ቀረ፣ እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣
ልጁ ዱዱኻና የተወለደች ለት የተጨመቀ ወይን ቋጥሮ።
«ለሰርጓ እከፍተዋለሁ» ያለው።
ሰርጉ ደረሰ። ጋኑ ማዶ ነው።

ቶትራዝም ማዶ ነው። በደሙ ነው የቀረው ይላሉ፤ እሱ «በላሜ ነው» ይላል፤
«ላሜ የምትግጥበት አገሬ ነው፤ ሰው ላሙን ትቶ ወዴት ይሄዳል?»
አንድ ሌሊት እየዳኸ ሄዶ፣ የጋኑን ክዳን ከጭቃው ፈልቅቆ፣
ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰደደልን፣ በሽቦው ስር በሣር ደብቆ።

ኤልጉጃ በሆዱ ተኝቶ የቱቦውን ጫፍ ጎረሰ።
እኔ ባልዲ ይዤ ተንበርክኬያለሁ።
ማማው ላይ ያለው ዘብ ሳለ።
ልጅ ነው፤ እንደኛው ይበርደዋል።
መጀመሪያ አየር መጣ።
ከዚያ የላስቲክ ጣዕም።
ከዚያ፣ ስንጠብቀው ስንጠብቀው ቆይቶ፣
ሃያ አንድ ዓመት በአንድ ጊዜ መጣ፤
ኤልጉጃ አፉን ሞልቶት መዋጥም መትፋትም አቃተው፤
ዓይኑ ብቻ በጨለማ ያበራ ነበር።

ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባላል፤
የኛው በቱቦ ተደገፈ።

ሰርጉ ላይ ወይኑ ላስቲክ ላስቲክ አለ፤ ማንም ትንፍሽ አላለ።
ሙሽራዋ ጨልጣ ዋንጫዋን ደግማ ዘረጋች።
ከሽቦው ማዶ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ሰው
በሌላኛው ቋንቋ መረቀ፤ ወይም ተሳደበ፤
ከሩቅ ነውና አልለየሁትም።

ምሁራኑ ተመልሰው ቢመጡ፣ መንደሩ የማን ነው ቢሉኝ፣
ቱቦውን አሳያቸዋለሁ፤
ከአሥራ አንዱ ፖስታ ጎን በሚስማር ሰቅዬዋለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሽቦው እንደገና ገፋ፤ አርባ ክንድ።
አሁን ቱቦው አይደርስም።
ቶትራዝ ከከተማ ረጅም ሊገዛ ወርዷል አሉ፤
ላሙን ለዛይራ አደራ ብሎ።