ቀይ ቀለም

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ጅማን ዝናብ ይዟት፣
ጄኔሬተር ሲያጓራ፣ መብራት ሲከዳት፣
እኔ ማይክሮስኮፑ ላይ ዓይኔን ተክያለሁ፤
አንዲት ሕዋስ ቤቷን ስትጠብቅ አያለሁ።

ጀርሙ የአንድ ልጅ ነው፤ ከደሙ የወጣ፣
በባጃጅ ተጭኖ ከቦዬ የመጣ።
ሲራጅ አባ ፊጣ፣ ዕድሜው ስምንት ዓመት፤
እናቱ ደጅ ቆማለች፣ ጭቃ ለብሳ እስከ ባት።
«ታይፎይድ» ብለዋታል። «የት ነው ያለው?» አለች፤
ሆዱ ነው? ደሙ ነው?
መልስ ሳይመጣላት ሻሿን ጨመቀች።

የት እንዳለማ አያለሁ።
በር ያንኳኳል መጀመሪያ፤ እንግዳ ይመስላል፤
ሕዋሷን አታሎ ራሱን ያስጋብዛል፤
በከረጢት ጠቅልላ ጓዳ ታስገባዋለች፤
«እዚህ ይቀመጥ» ብላ ትዘጋበታለች።
አንዳንዱ እዚያው ይከርማል፤ አንዳንዱ ግን ክፉ፣
ከረጢቱን ሰንጥቆ ብቅ ይላል በጫፉ።

የተቀደደ ነገር ዝም አይልም።
ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ስኳር
ቀዳዳው ሲከፈት ይታያል ከዳር፤
ያን ያየ ዘበኛ «ሌባ!» ብሎ ይጮሃል፤
ከየጓዳው፣ ከየጥጉ፣ ፕሮቲን ይጎርፋል።
ጥይት የለም፣ ዱላ የለም፤
መጀመሪያ የሚመጣው ቀለም።
ዩቢኩቲን ይሉታል፤ ኢምንት የምታህል ነገር፣
በሌባው ጀርባ ላይ ስትደረደር፣
«ይህ የእኛ አይደለም» ትላለች ያለ ቃል።
«ይህ ይበላ» ትላለች። ያ ይበቃል።

ከዚያ ከባዶ ቦታ ሽፋን ይወለዳል፤
እንደ አዲስ ጨረቃ ጎብጦ፣ ድርብ ሆኖ ያድጋል።
መሃል ላይ ደላላ አለ፣ ሁለት እጅ ያለው፤
ምልክቱን በግራ፣ ሽፋኑን በቀኝ የያዘው።
ጨረቃዋ ትሞላለች። ጫፍ ከጫፍ ይገጥማል።
ጀርሙ መሃል ቀረ። በር የለም። ይጨልማል።
ቀጥሎ አሲድ ነው፤ ቀጥሎ መቀስ፤
ለነገ ግድግዳ ጭቃ እስኪሆን ድረስ።

ስትራብማ ሕዋስ ያገኘችውን ትበላለች፤
አሮጌ ዕቃዋን አፍርሳ፣ ቀቅላ ታድራለች።
ዛሬ ግን አልራባትም።
መርጣ ነው።

እኔም ተከራይ ነኝ፣ ከአዌቱ ወንዝ ዳር።
ትናንት ወደ ማታ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰፈሩ ሲዳምር፣
ሁለት ጎረምሶች ባልዲ ይዘው መጡ፤
በቀይ አቋርጠው፣ ቁጥር ጽፈው ወጡ።
«ምን ማለት ነው?» አሉኝ አዴ ዙበይዳ፣
ጣታቸው ሲዳብስ እርጥቡን ግድግዳ፤
«አንተ ተምረሃል፣ አንብብልኝ እስቲ።»
አነበብኩ።
«አርባ ሦስት።»
ሌላ የማውቀው አልነበረም።
ጣታቸው ቀላ፤ ውኃ አላስለቀቀውም።

ሕዋሷን እጠይቃለሁ፣ አትሰማኝም እንጅ፤
ለመሆኑ የማን ነው የሚቀባው እጅ?
አንቺ የምትቀቢው ግድግዳ የቀደደውን፤
እኛ የምንቀባው ግድግዳውን።

እሷም ግን አትፎክር፤ ብልጥ ጀርም አለ፣
የተለጠፈበትን ልጦ ልጦ የጣለ።
ቆጠርኩ። በአረንጓዴ ካበሩት፣ ከአሥሩ
ሁለቱ ተከበው ስምንቱ ተሰወሩ።
ለዚህ ነው መርፌው። ለዚህ ነው ግሉኮሱ።
ለዚህ ነው ነርሷ የምትመላለሰው ወደ እሱ።

ንጋት ላይ ወጣሁ፤ እናቱ ተነሣች።
«ውስጡ ያለው ሥጋም እየታገለ ነው» አልኳት፤
«ማን አዘዘው?» አለች።

ቤት ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር።
አዴ ዙበይዳ፣ ነጠላ ጫማ በእግር፣
በሳሙናና በጭድ፣ በአመድም ጭምር፣
አርባ ሦስትን ሲፍቁ፤ ሦስቱ ሄዶ አርባው ቀርቶ ነበር።
ያ ብልጥ ጀርም ትዝ አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።
ምንም አላልኳቸው።
ባልዲውን ያዝኩላቸው።