በክብሪት ቀፎ ያለች መርከብ

እሁድ እሁድ ጠዋት፣ ከወደቡ በር ሥር፣
ሁለት ሽማግሌ አላቸው አንድ ክርክር፤
አንለይ ቲኬት ቆራጭ፣ ይስማው ሞተረኛ፣
ጡረታ ያልሆነው ለሙግታቸው ዳኛ።
«በሰባ ሰባት ላይ አመድማ ነበረች!»
«የለም! ያን ክረምት ወደ አረንጓዴ ዞረች!»
«ጭስ ማውጫዋ ብቻ ቢጫ ነበር ጫፉ።»
«ጎኗስ? ስሟስ ያኔ ነጭ አልነበር ጽሑፉ?»
እኔ ዝም እላለሁ። መልሱ አለ ኪሴ ውስጥ፣
ባረጀ ክብሪት ቀፎ፣ ተጠቅልሎ በጥጥ፤
ከጎኗ የረገፈ፣ ጥፍር የሚያህል ልጣጭ።

አባቴ አላምረው የመርከብ ቀቢ ነው፤
አገሩ «ብሩሹ» እያለ የሚጠራው።
ግንቦት፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ደለሉ ሲሰነጠቅ፣
በሰንሰለት ስበው ሲያወጧት ከደረቅ፣
ፈቅፋቂዋ እኔ ነኝ።
«ሴት ልጅ ምን ትሠራለች ከመርከብ ሆድ በታች?»
ይላሉ። አባቴ፦ «እጇ ትንሽ ነው፤ ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች።»
ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በብረት መፋቂያ፣
በጀርባዬ ተኝቼ እስከ ፀሐይ መውደቂያ፣
ዝገት በዓይኔ ገብቶ፣ ጥርሴ ላይ አሸዋ፣
ስፍቅ፣ ስፍቅ ስውል፣ ታየኝ ጥንተ ገላዋ።

ክሬም ነበረች መጀመሪያ፤
ወገቧ ላይ እንደ ጥለት ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣
አባቴ በክርና በኖራ ለክቶ ያሰመረው፣
ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣
እጁም መንቀጥቀጥ ሳይጀምር።
በዚያ ዘመን ነው እናቴ ከደልጊ የመጣች፤
ሽንብራዋን ሸጣ ልትመለስ ስትል
ያልደረቀ መደገፊያ ይዛ ነጠላዋን አበላሸች።
ቀቢውን አፈላልጋ ልትሰድበው ሄደች።
ይኸው ተወለድን።

ከክሬሙ በላይ ቀይ፤ ግማሽ ኮከብ ይዟል፣
ግማሹ ከልጣጩ ውጭ፣ ጣና ውስጥ ቀርቷል።
በቀዩ ጊዜ ሞላልኝ፣ ታላቄ፣ በእሷ ሄደ፤
እስከ ጎርጎራ በውሃ፣ ከዚያ ወዲያ በመኪና።
በአመድማው ጊዜ ጠበቅነው።
በሰማያዊው ጊዜ
እናቴ እሁድ እሁድ ወደብ መውረድ ተወች።

ቀለም የሚለወጥ በደብዳቤ ነበር፤
ማኅተም ያረፈበት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት፣
«ሰማያዊ ይቀባ» የሚል አንድ መስመር።
አባቴ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ውሃው ያያል፤
«የትኛው ሰማያዊ? የረፋዱ? የዘጠኝ ሰዓቱ?
ወይስ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያለው፣ የጠቆረው?»
ጸሐፊው ጣናን አላየው።
ሦስት ቀን ጣሳ በጣሳ ሲያዋህድ ከረመና
በአራተኛው ቀባት፤ ከዳር ሆነን ስናያት
ሐይቁን ከመርከቧ መለየት አቃተን።
ይኼኛው ደብዳቤ ላይ አልነበረም።

ዛሬ ጀልባዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፣ ቀለም አይሹም፤
እንግዳ ጭነው ወደ ገዳማቱ ይበራሉ።
እሷ ከደንገሉ ዳር ተጋድማለች፤
እምቦጭ ከቧታል፤ አፍንጫዋ ላይ ሻላ ቆሟል፣
እንደ ካፒቴን ኮርቶ።

ልጣጩን በጠርዙ አቁሜ በፀሐይ ሳየው፣
በቀዩና በአመዱ መካከል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣
አረንጓዴ አለ። አንድ ክረምት ብቻ የኖረ፣
አመዱ እስኪመጣ የተቀባ።
አንለይም ልክ ነው፤ ይስማውም ልክ ነው።
ከሁሉም ሥር ደግሞ የሸክላ መልክ ያለው አንቲራስት፣
ውሃውን ሠላሳ ዓመት የከለከለ፤
በእሱ የተሟገተ ሰው አላየሁም።

«እስቲ አንቺ፣ የብሩሹ ልጅ፣ ፍረጂን!» ይሉኛል።
እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ቀፎውን ነቅነቅ አደርገዋለሁ፤
ጥጥ ውስጥ ነውና ድምፅ የለው።
ብፈርድ፣ እሁድ ጠዋት ከበሩ ሥር ማን ይቀራል?
«ልጅ ነበርኩ» እላለሁ፤ «ረሳሁት።»
ይስማው ከዘራውን ያነሳል፣ አንለይ ኮፍያውን፤
«እንግዲያው ለእሁድ ይደር!»