አንድ ኪሎ ምስር

አሥራ ሰባት ዓመት የሆቴል አንሶላ
ሳጥፍ ሳነባብር ከርሜ፣ በስተኋላ
ሐኪሙ አንጓዬን ይዞ አገላብጦ፣
ከመነጽሩ በላይ ዓይኑን አፍጦ፦
«ከሁለት ኪሎ በላይ በዚህ እጅ አታንሺ።»
ምን ልበል? የሐኪም ቃል ነው፤ አልኩት እሺ።

ቤቴ ስገባ ድስቴ ምድጃው ላይ ተጎልታለች፤
ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብላለች።
የሰው መመዘኛ ላይ አወጣኋት ከነክዳን፤
ስድስት ኪሎ፣ ባዶዋን! ከዚች ነው እንግዲህ መዳን።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ የኤድመንተን ጥር
ቅንድብ ላይ በረዶ ሲዘራ፣ ሲቆጥር፣
በላስቲክ ቋጥሬ አንድ ኪሎ ምስር፣
ካፖርቴ ኪስ ከትቼ ወረድኩኝ ከባቡር።

ለምን ምስር? በሉኝ።
ባዶ ድስት ሁሉ ቀላል ነው፤
ባዶውን የማይቀል ማን አለ?
ሰውም ቢሆን የሚታወቀው
ሲሞላ ነው።

የመጀመሪያው ቀይ ነው፤ ዋጋው የጥንድ በሬ፣
ክብደቱ የአንዱ፤ መለስኩት አፍሬ።
ሁለተኛው ስስ ነው፣ እንደ ማስታወቂያ ወረቀት፤
አሥራ አንድ ዶላር ብቻ! ደስ አለኝ ለጊዜው፣ በእውነት።
ግን ታቹን በአውራ ጣቴ ስጫነው
«ጓ!» አለ፣ ዝናብ እንደመታው ቆርቆሮ።
ይሄማ ሽንኩርቱን መሐል ላይ አሳርሮ
ዳር ዳሩን ጥሬ ያስቀራል፤
ርካሽ ነው ብሎ የገዛ፣ ከርሞም ይገዛል።

ሦስተኛው አያጣብቅም ይላል፤ ዋጋውም ደህና፤
ግን እጀታው በአንዲት ብሎን ቆሞ ኖሯልና
እንደ ሕፃን ወተት ጥርስ ተነቃነቀብኝ።
አራተኛው ልክ ሊሆን ነበር፤
ምስሬን ጨምሬ ሳነሳው
አንጓዬ ውስጥ አንድ ክር ተሳበ፤ «ተይው» አለኝ።

አነሳለሁ፣ አዘነብላለሁ፣
የሌለ ወጥ፣ ወደሌለ ሳህን እገለብጣለሁ፤
ሰው ያየኛል። አውቃለሁ።

ጥበቃው መጣ። «እመቤት፣ ላስቲኩ ውስጥ ምንድን ነው?»
«ምስር።»
«ምስር?»
«አዎ፣ ምስር። ከቤቴ ያመጣሁት ነው።»
ትንሽ አሰበና በሬዲዮኑ ሰው ጠራ፤
መጣች ሮዛሊንዳ፣ የድስቱ ረድፍ ላይ የምትሠራ።
አጭር ናት፤ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።
ምስሩን አየች፤ አንጓዬን አየች፤ የቀረው አያስፈልግም፣ ተብሏል።
«ስንት ዓመት?» አለችኝ። «አሥራ ሰባት።»
«እኔ ዕቃ ማጠቢያ ላይ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት።»

በርከክ አለች፤
ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከአቧራው ውስጥ፣
ካርቶኗ ስለተቀደደ ዋጋዋ የወረደ
አንዲት ድስት ጎተተች።
ታቿ ወፈር ያለ፣ ጎኗ ስስ፣ እጀታዋ በሦስት ብሎን፤
ከፊት ለፊቱ ትንሽ ጆሮ፣ ለሌላው እጅ መያዣ እንዲሆን።
ሃያ ስድስት ዶላር። ስምንት መቶ ግራም።
አታብለጨልጭም፤ ቀለሟማ አያምርም።

ምስሬን ጨመርኩ።
አነሳኋት።
አንጓዬ ዝም አለ።

ጠዋት ስነሳ የሚያወራ፣ በር ስከፍት የሚያወራ፣
ጸጉሬን ስጎነጉን እንኳ የሚያንሾካሹክ
ያ አንጓ ዝም አለ።

አሮጌዋን አልጣልኳትም። በረንዳው ላይ ናት፤
ደረጃው ላይ የምበትነውን የበረዶ ጨው ሞልቼባት
ሥራ አላት፤ ማንም አያነሳት።

ሱቁን አብሮኝ የዞረውን ምስር ግማሹን አጠብኩ።
ሽንኩርቱ እኩል ቀላ፣ ዳሩም መሐሉም፤
ምስሩን ከተትኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣
እስቲ ልይ ብዬ፣ ጨርቅ አንጥፌ መዘንኳት፦
ሁለት ኪሎ ከሩብ።

በእጀታዋም በጆሮዋም ይዤ መለስኳት ወደ እሳቱ።
ለሐኪሙ አልነገርኩም።