ደንገጎ ሲጠቁር

ምስማር ነው የያዝኩት፤ ሌላ መሣሪያ የለኝም፤
ግንቡን ወጋሁት፤ እንደ ሽሮ ፈሰሰ። ምስማሬ እንኳ አልጎበጠም።
ደቻቱ ደርቋል፤ ፍየል ተኝቷል አሸዋው ላይ፤
ከግንቡ ሥር የመጋዘን ሠራተኛው የሙሜ ቤት፤ ቆርቆሮ፣ ከላዩ ድንጋይ።

ወረቀቱ ሲሚንቶውን "አራት ሺህ ኩንታል" ይላል፤
የሙሜ ደብተር፣ በእርሳስ፣ ከግማሽ በታች ያወርደዋል።
"ሌላው በሌሊት ወጣ፣ በሲኖ ተጭኖ፤
አደራ፣ ስሜን ግን..." አለኝ፣ ድምፁ ክር ሆኖ።

ከዚያ ስልኩ መጣ፤
ሳይሳደብ፣ ሳይቆጣ፦
"እንዴት ዋልሽ፣ እህቴ? ሙቀቱስ? ልጅሽስ፣ ኢክራም?
ለገሃሬ አይደል የምትማረው? ጎበዝ ናት አሉ፤ አንድ ቀን አትቀርም።"
አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

አዘጋጁ አነበበ፤ መነጽሩን አወለቀ፤
"'ይባላል' ጨምሪበት" አለ። ጨመርኩ። "ሰረቀ"
የሚለውን ግሥ በ"ጎደለ" ተካው፤ ላቡን ጠረገ፤ አለቀ።

እኔ ግን ማታውን የሙሜን ገጽ ገንጥዬ
አቃጠልኩ፤ የእጁን ጽሑፍ ያውቁታል ብዬ።

ዛሬ ሰባተኛ ሌሊቱ ነው ያ ባጃጅ ከደጄ ሲያድር፣
ሞተሩ ጠፍቶ፣ የሲጋራ ጫፍ ብቻ ሲጭር።
በሩ ተንኳኳ።
በጨለማ የዳበስኩት ቁልፉን አልነበረም፤ የኢክራምን ጫማ ነው።
ደግሞ ተንኳኳ፣ በቀስታ፣ እንደሚያፍር ሰው።

ሙሜ ነው። ሁለት ልጆች በእጁ፣
ፍራሽ ተጠቅልሎ በራሱ።
"እዚህ ኮከብ ነው፤ ደንገጎ ግን ጠቁሯል" አለኝ።
ዞሮ ባጃጁን አየ፤ እኔን አየኝ፤
ጫማውን ደፉ ላይ አውልቆ ገባ።